ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ፦ በድሬዳዋና በሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀለበታዊ ግርዶሽ ምን ዓይነት ግርዶሽ ነው?

ጨረቃ በመሬትና በፀሐይ መካከል ገብታ የፀሐይን መሃል ትሸፍናለች፤ ዳር ዳሩን ግን መሸፈን አይሆንላትም። ስለዚህ በጠቆረው የጨረቃ ክብ ዙሪያ የፀሐይ ጠርዝ እንደ ቀለበት ያበራል። «የእሳት ቀለበት» የሚባለውም ይኸው ነው። በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ፀሐይ ፈጽማ ትሰወራለች፣ ቀኑ ይጨልማል፣ ከዋክብትም ይታያሉ። በቀለበታዊ ግርዶሽ ግን ፀሐይ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ ሙሉ በሙሉ አትሸፈንም። ከታች ስለ ዓይን ጥንቃቄ የምናነሳው ሁሉ ከዚህ አንድ እውነታ የሚመነጭ ነውና በደንብ ይያዝልን።

ጨረቃ ያቺው፣ ፀሐይም ያቺው። ታዲያ አንዳንዴ ሙሉ፣ አንዳንዴ ቀለበት የሚሆነው ለምንድን ነው?

ነገሩ የርቀት ጉዳይ ነው። ፀሐይ በስፋት ጨረቃን ወደ 400 ጊዜ ትበልጣታለች፤ ከእኛም ወደ 400 ጊዜ ርቃ ትገኛለች። በዚህ የተነሳ ከመሬት ሲታዩ ሁለቱም እኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። ርቀታቸው ግን ይለዋወጣል። ጨረቃ የምትዞርበት መንገድ ሞላላ ስለሆነ ስትቀርብ እስከ 356,500 ኪሎ ሜትር ትጠጋለች፣ ስትርቅ ደግሞ እስከ 406,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሸሻለች። የፀሐይም ርቀት በጃንዋሪ መጀመሪያ 147 ሚሊዮን፣ በጁላይ መጀመሪያ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በቤት ውስጥ በሚገኝ ነገር እንየው። አንድ የልጆች ብይ መሬት ትሁን፣ አንዲት የምስር ፍሬ ደግሞ ጨረቃ። ምስሯን ከብዩ 38 ሳንቲ ሜትር አርቁና ያዟት። በዚሁ ልክ ፀሐይ 1 ሜትር ከ40 ስፋት ያላት ኳስ ትሆናለች፤ የምትቀመጠውም 150 ሜትር ርቃ ነው። ምስሯ ከኋላዋ የምትጥለው ጥቁር ጥላ እየሾለ ሄዶ 37 ሳንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ላይ ያልቃል። ምስሯ ወደ 36 ሳንቲ ሜትር ስትጠጋ የጥላው ጫፍ ብዩን ይነካዋል፤ ጫፉ ያረፈበት ነጥብ ላይ ሙሉ ግርዶሽ ሆነ ማለት ነው። ወደ 40 ስትርቅ ግን ጫፉ ብዩ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ያልቃል። ከጫፉ ወዲህ ሆኖ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ጨረቃን ከፀሐይ አንሳ ያገኛታል፤ ቀለበቱንም ያያል። በእውነተኛው ልክ ይህ ጥላ ከ367,000 እስከ 380,000 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የጨረቃ አማካይ ርቀት ደግሞ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ጥላው አይደርስም። በዓለም ላይ ቀለበታዊው ግርዶሽ ከሙሉው በቁጥር በጥቂቱ የሚበልጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

በየወሩ ጨረቃ ትጠፋ የለ? ግርዶሹ ለምን በየወሩ አይመጣም?

የጨረቃ መንገድ ከመሬት መንገድ ጋር በ5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። በአብዛኛው ወር ጨረቃ ከፀሐይ በላይ ወይም በታች ታልፋለች፤ ጥላዋም መሬትን ስቶ ያልፋል። ሁለቱ መንገዶች የሚቆራረጡበት ነጥብ ከፀሐይ ጋር የሚገጥመው ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በየ173 ቀኑ ገደማ ነው። ስለዚህ በዓመት ከሁለት ያላነሰ፣ ከአምስት ያልበለጠ የፀሐይ ግርዶሽ በዓለም ላይ ይከሰታል።

በ2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበት ታይቶ ድሬዳዋ ላይ ለምን አልታየም?

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. (ጁን 21 ቀን 2020) እሁድ ማለዳ የነበረው ግርዶሽ ማለት ነው። የቀለበቱ መስመር ከኮንጎ ተነስቶ፣ በደቡብ ሱዳን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ወለጋን፣ ጎጃምንና ላሊበላን እያካለለ በኤርትራ በኩል ወደ የመን ተሻገረ። ይህ መስመር በጣም ጠባብ ነው፤ ግርዶሹ ከፍተኛ ደረጃ ላይ በደረሰበት በሰሜን ሕንድ ስፋቱ 21 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ድሬዳዋና ሐረር ከመስመሩ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ርቀው ስለቀሩ ያዩት ከፊል ግርዶሽ ነው፦ ጎኗ እንደተገመጠ ዳቦ የሆነች ፀሐይ።

የዚያ ቀን ቀለበት እንደ ክር የቀጠነ ነበር። ፀሐይ በዓመቱ ሩቅ ወደምትሆንበት ጊዜ ተቃርባ ትንሽ ሆና ነበር፤ ጨረቃ ደግሞ መካከለኛ ርቀት ላይ ነበረች። ጨረቃ ከፀሐይ ስፋት 99.4 በመቶ ሸፈነች። ሕንድ ላይ ቀለበቱ የቆየው 38 ሰከንድ ብቻ ሲሆን፣ መስመሩ በሚጀምርበት በኮንጎ ግን 1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ቆይቷል። እንግዳ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ተመልካቹ የመሬትን ክብነት ያህል ለጨረቃ ስለሚቀርብ ጨረቃ በጥቂቱ ሰፍታ ትታየዋለች፣ ቀለበቱም ይቀጥናል። ማለዳ ላይ ያለው ተመልካች ደግሞ ትንሽ ስለሚርቅ ቀለበቱ ይወፍርለታል።

ከዚህ ጋር ጥር 7 ቀን 2002 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 15 ቀን 2010) የነበረውን ማነጻጸር ነው። ያኔ ፀሐይ ቅርብ፣ ጨረቃ ሩቅ ነበረች፤ ቀለበቱ ወፍራም ሆነ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይም ከ11 ደቂቃ በላይ ቆየ። መስመሩ በዩጋንዳ፣ በኬንያና በሶማሊያ አልፏል፤ የእኛ ከተሞች ያኔም ከፊሉን ነው ያዩት። ከዚያ በፊት መስከረም 23 ቀን 1998 ዓ.ም. የነበረው ቀለበታዊ ግርዶሽ የኢትዮጵያን ደቡብ ምዕራብ ነክቶ አልፏል።

ቀለበቱ በሚታይበት ደቂቃ በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል?

አይቻልም። በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ፀሐይ ፈጽማ በተሸፈነችባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ መነጽር ማውለቅ ይቻላል። ይህን ከውጭ ቪዲዮ ያዩ ሰዎች ለቀለበታዊውም የሚሠራ እየመሰላቸው ይሳሳታሉ። ከፀሐይ አንድ በመቶ ብቻ ቢቀር እንኳ፣ የቀረችው ብርሃን ከሙሉ ጨረቃ 4,000 ጊዜ ያህል ትበልጣለች። ከፊል ግርዶሽም እንደዚሁ ነው፤ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ያለ መከላከያ ቀና ተብሎ አይታይም።

አታላዩ ነገር አካባቢው መደብዘዙ ነው። ብርሃኑ ሲቀንስ ዓይን አይጨፈንም፣ እንባም አያመጣም፤ የዓይን ብሌንም ይሰፋል። በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ያለው ሬቲና ደግሞ የሕመም ስሜት የለውም፤ ሲቃጠል አያሳምምም። ሰው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ይገባና ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ መሃል ዕይታው ላይ ጥቁር ነጥብ ያገኛል።

ራጅ፣ የፀሐይ መነጽር፣ የጠቆረ ጠርሙስ፣ ሳፋ ውስጥ ያለ ውሃስ?

ሁሉም ይቅር። የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ ሲዲ፣ የፎቶ ኔጋቲቭና የተለመደው የፀሐይ መነጽር የሚታየውን ብርሃን ቢያደበዝዙም የማይታየውን ጨረር ለመከላከል አይታመንባቸውም። ጥቁር ስለሆኑ ብቻ ደህና ይመስላሉ። ሁለትና ሦስት ደርቦ መያዝም አይረዳም።

የሳፋ ውሃ የብዙ ቤት ልማድ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ፀሐይ ከፍ ባለችበት ሰዓት ውሃ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ 2 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ደረጃውን የጠበቀ የግርዶሽ መነጽር የሚያሳልፈው ከመቶ ሺህ ሦስት እጅ ገደማ ቢሆን ነው። የሳፋው ነጸብራቅ ከዚያ ብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ማለዳ ፀሐይ ዝቅ ስትል ደግሞ ውሃው ከ2 በመቶም አብልጦ ያንጸባርቃል።

ታዲያ በምን እንይ? የበያጆች መስታወት ይሆናል?

የሚሆነው የጥቁረት ደረጃው ቁጥር 14 የሆነው ነው፤ ቢያንስ ከ12 አይውረድ። በብየዳ ቤት ብዙ ጊዜ የሚገኘው 10 ወይም 11 ነው፤ ያ ለኤሌክትሪክ ብየዳ በቂ ቢሆንም ለፀሐይ አይበቃም። ቁጥሩ መስታወቱ ጥግ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ቁጥር ከሌለው አይግዙት። ብልጭታ ሲያይ በራሱ የሚጠቁረው ዘመናዊ የራስ ቁርም ለዚህ አይሆንም፤ የተሠራው ለብየዳ ቅስት እንጂ ፀሐይን ትኩር ብሎ ለማየት አይደለም።

የወረቀት ግርዶሽ መነጽር ካገኙ አይኤስኦ (ISO) 12312-2 የሚል የዓለም አቀፍ ደረጃ ጽሑፍ ይፈልጉ። ጽሑፉ ብቻ ግን ዋስትና አይደለም፤ ማንም ሊያትመው ይችላል። አድርገውት ቤት ውስጥ ዙሪያዎን ይዩ። የክፍሉ መብራት፣ የመስኮቱ ብርሃን፣ የሰው ፊት ከታየ አይረባም። በትክክለኛው መነጽር ከፀሐይ በቀር ምንም ማለት ይቻላል አይታይም። የተጫረ፣ የተጣጠፈ ወይም በመርፌ ጫፍ ታህል ቀዳዳ ብርሃን የሚያስገባ ከሆነ ይጣል። ሲጠቀሙ መጀመሪያ አንገትዎን ደፍተው ያድርጉት፤ ከዚያ ቀና ይበሉ። ሲያበቁም መጀመሪያ ፊትዎን ያዙሩ፣ ከዚያ ያውልቁ።

ምንም መነጽር ባይኖረኝስ?

እንደ እውነቱ ከሆነ ይኼኛው መንገድ ለልጆችና ለብዙ ሰው የበለጠ ይስማማል፤ ዓይን ወደ ፀሐይ አይዞርም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያያል።

ከሁሉ የሚያምረው የመስታወት ዘዴ ነው። አንድ ትንሽ ጠፍጣፋ የፊት መስታወት ያዘጋጁ። በወፍራም ወረቀት ላይ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ያብጁና ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ይለጥፉት፤ ብርሃን የሚነካው ቀዳዳዋን ብቻ ይሁን። መስታወቱን ፀሐይ ላይ፣ አሸዋ በሞላ ጣሳ ውስጥ ትከሉትና ነጸብራቁን ከ8 እስከ 10 ሜትር ርቆ ጥላ ውስጥ ወዳለ ግድግዳ ላኩት። በ10 ሜትር ላይ የምታገኙት የፀሐይ ምስል 9 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ የተገመጠው ጎኗ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሐረር ጁገል ጠባብ መንገዶች በኖራ የተቀቡ ረጃጅም ግድግዳዎች ለዚህ የተሠሩ ያህል ናቸው፤ በአንድ በኩል ፀሐይ፣ በሌላ በኩል ጥላ አለ።

የሚበላሸው ምኑ ላይ ነው? ግድግዳው ከ3 ሜትር በታች ከቀረበ ምስሉ ፀሐይን ሳይሆን ቀዳዳዋን መምሰል ይጀምራል። ግድግዳው ራሱ ፀሐይ ካረፈበት ምስሉ ይጠፋል። የባጃጅ ወይም የመኪና የጎን መስታወት አይሠራም፤ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ብርሃኑን ይበትነዋል። ምስሉም ቆሞ አይጠብቅም፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የራሱን ስፋት ያህል ይንሸራተታል፣ ስለዚህ አንድ ሰው ጣሳውን እያስተካከለ ይቁም። ያ ሰው ነጸብራቁ በማንም ፊት ላይ እንዳያልፍም ይጠብቅ።

ሁለተኛው የካርቶን ዘዴ ነው። ካርቶን መሃል ላይ መስኮት ይቁረጡ፣ የምግብ መጠቅለያ ፎይል በፕላስተር ይለጥፉበት፣ ፎይሉን በመርፌ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይብሱት። ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ብርሃኑን ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፉ። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ምስሉ የርቀቱ 107ኛ እጅ ይሆናል። አንድ ሜትር ላይ 9 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ሜትር ላይ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ። ብዙ ሰው ምስሉ አነሰብኝ ብሎ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ያኔ ምስሉ ይደምቃል እንጂ አያድግም፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። የሚያሳድገው ርቀት ነው። በቀዳዳው ውስጥ ፀሐይን ማየት ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ የሚታየው ወረቀቱ ነው።

ሦስተኛው ምንም ዝግጅት አይጠይቅም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቆመው አስፋልቱን ይዩ። በቅጠል መሃል የሚሾልከው ብርሃን በሌላ ቀን ክብ ክብ ሆኖ መሬት ላይ ይበተናል፤ በግርዶሽ ጊዜ እያንዳንዱ ክብ የማጭድ ቅርጽ ይይዛል፣ ቀለበት በሚታይበት አገር ደግሞ ቀለበት ይሆናል። ዛፍ ከሌለ የፓስታ ማጥለያ ነጭ ወረቀት ላይ አጥልቶ መያዝ ነው፤ በየቀዳዳው አንዲት ትንሽ ፀሐይ ይሠራል። ክብ የነበረው ሁሉ እንዴት የፀሐይ ምስል እንደነበር ሰው የሚያስተውለው ያን ቀን ነው።

በስልኬ ፎቶ ላንሳ?

ግድግዳው ላይ ያለውን ምስልና የዛፉን ጥላ እንደልብ ያንሱ። ፀሐይዋን ራሷን ማንሳት ከፈለጉ የግርዶሽ መነጽሩን መስታወት ከስልኩ ሌንስ ፊት ይያዙ። ካሜራ፣ ባይኖክዮላር ወይም ቴሌስኮፕ ከሆነ ማጣሪያው የሚገጠመው ከፊት፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል ነው። መነጽር አድርጎ በባይኖክዮላር ማየት እጅግ አደገኛ ነው፤ የተሰበሰበው ጨረር መነጽሩን በቅጽበት አቃጥሎ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ነፍሰ ጡር ሴት መውጣት የለባትም፣ ምግብም ይመረዛል ይባላል። እውነት ነው?

በግርዶሽ ቀን ከፀሐይ የሚመጣ አዲስ ጨረር የለም። የሚመጣው የየቀኑ ብርሃን ነው፤ እንዲያውም ቀንሶ። ለፅንስም ለምግብም አደጋ የለውም። አደጋው ያለው ትኩር ብሎ በሚያይ ዓይን ላይ ብቻ ነው፤ ሕፃናትን በተመለከተ የእናቶች ሥጋት ትክክል የሚሆነው በዚህ በኩል ነው።

የኩሱፍ ሶላት የሚሰገደው ለቀለበታዊ ግርዶሽም ነው?

የዲኑን ዝርዝር ዑለማዎችን መጠየቅ ይገባል። ከሥነ ፈለክ በኩል የምንጨምረው አንድ ነገር አለ። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ተጋረደች፤ ሰዎችም «ለሞቱ ነው» ሲሉ፣ ነቢዩ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ፣ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ እንደሆኑ አስተማሩ። በስሌት ወደ ኋላ ሲኬድ ጃንዋሪ 27 ቀን 632 የነበረው ግርዶሽ ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዛል፤ ዓይነቱም ቀለበታዊ ነበር፣ መዲና ላይ የታየው ከፊሉ ነው። ለሶላት ወደ መስጊድ ለሚሄዱ ልጆች በመንገድ ላይ ቀና እንዳይሉ አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው።

ቀጣዩ መቼ ነው?

ለድሬዳዋና ለሐረር ትልቁ ቀን ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦገስት 2 ቀን 2027) ነው። ይህ ቀለበታዊ ሳይሆን ሙሉ ግርዶሽ ነው፤ ጥላው በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፎ የሶማሊያን ጫፍ ይነካል። እኛ ከመስመሩ ውጭ ስለሆንን ለእኛ ከፊል ይሆናል፤ ቢሆንም ከፀሐይ አብዛኛው ክፍል ይሸፈናል። ከፍተኛው ደረጃ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሰው ከሙቀት ሸሽቶ ቤት የሚከተትበት፣ የበርጫም ሰዓት ስለሆነ ሳያዩት እንዳያመልጥ አስቀድመው ሰዓቱን ይያዙ። ፀሐይ ያኔ ከአናት ብዙም አትርቅም፤ ስለዚህ ካርቶኑን አግድም ይዘው ወረቀቱን መሬት ላይ ያንጥፉ። በዚሁ ዓመት ጥር 29 የሚሆነው ቀለበታዊ ግርዶሽ ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ናይጄሪያ ላይ ያበቃል፤ በእኛ ዘንድ ያኔ ፀሐይ ጠልቃለች።

ግንቦት 13 ቀን 2023 ዓ.ም. ከአንጎላ እስከ ታንዛኒያ በሚያልፈው ቀለበታዊ ግርዶሽ እዚህ ከፊሉ ይታያል። ግርዶሾች በ18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ዑደት ይመለሳሉ፤ በዚያች 8 ሰዓት መሬት አንድ ሦስተኛ ዙር ስለምትዞር ግን ቦታቸውን ይቀይራሉ። የ2012ቱ ግርዶሽ ተከታይ ሰኔ 25 ቀን 2030 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካና በሱዳን በኩል አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ ይዘልቃል።

አይቼ ዓይኔን ቢያመኝ ወይም ቢደበዝዝብኝስ?

በመሃል የሚታይ ጥቁር ነጥብ፣ ቀጥ ያለ መስመር ተጣሞ መታየት፣ የቀለም መደብዘዝ ምልክቶች ናቸው። ቀን ሳያሳልፉ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ቅባትና ጠብታ በራስዎ አይጠቀሙ፤ ጉዳቱ ያለው ከኋላ፣ ቅባቱ በማይደርስበት ቦታ ነው። ይህ ነው የሚባል ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ብዙዎች በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ነጥቡ ዕድሜ ልክ ይቀራል።

ደመና ቢሆንስ?

የ2019 ዓ.ም. ግርዶሽ የሚውልበት ሐምሌ ክረምት ነውና ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው። ሰማዩ ድፍን ካለ መደብዘዙ ብቻ ይታወቃል፤ ግድግዳው ላይ ምስል አይወጣም። ስስ ደመና ሲሆን ፀሐይዋ ደብዝዛ ቅርጿ በባዶ ዓይን የሚታይ ትመስላለች፤ ሰው ሳይጠነቀቅ የሚጎዳውም ያኔ ነው። ደመናው በአንድ አፍታ ይከፈታልና መነጽሩ አይውለቅ። ሐረር ላይ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ከተጫነው ወደ ድሬዳዋ መውረድ ያዋጣል፤ ቆላው ላይ ሰማዩ ገለጥ የማለቱ ዕድል የተሻለ ነው፣ የግርዶሹ ሰዓትም በሁለቱ ከተሞች መካከል ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይለያይም።